ጊዜውን ለብዙዎች የሚሸጥ ባለሙያ ልክ ሊያበጅለት ይገባል

የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ በመደርደሪያው ላይ አንድ ጣቃ ብቻ ቀርቶት ሳለ ያንኑ ጣቃ ለሁለት ገዢዎች ሸጦ ከሁለቱም ዋጋ ቢቀበል፣ ገበያው አታላይ ይለዋል እንጂ ትጉህ ነጋዴ አይለውም። የጭነት መኪና ባለቤትም መኪናው ሊሸከም ከሚችለው በላይ ቡና ጭኖ ወደ ጅቡቲ ቢያሰማራና መኪናው ቁልቁለት ላይ ቢገለበጥ፣ ጥፋቱ የመንገዱ ሳይሆን የጫኙ መሆኑን የማይመሰክር አይገኝም። ዕቃ ልክ እንዳለው፣ መኪናም የጭነት መጠን እንዳለው ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን በንግዱ ዓለም ሳይሰፈርና ሳይመዘን የሚሸጥ፣ ካለው በላይ ሲሸጥም ማንም የማይደነግጥለት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ደመወዝተኛ ሳይሆን በግሉ ለብዙ የንግድ ቤቶች የሚሠራ ባለሙያ ጊዜ ነው።

መካከለኛ ሀብት ያለው ነጋዴ የሚያስፈልገውን ባለሙያ ሁሉ በወር ደመወዝ ቀጥሮ ለማኖር ዐቅሙ አይፈቅድለትም። ስለዚህ የሒሳብ መዝገቡን የሚይዝለት ሰው የጎረቤቶቹንም መዝገብ የሚይዝ ነው፤ የጉምሩክ ሥርዐቱን የሚፈጽምለት አስተላላፊም የሌሎች አስመጪዎችን ሰነድ በአንድ ቦርሳ ይዞ የሚዞር ነው፤ ደብዳቤ የሚተረጉምለት፣ ማስታወቂያ የሚሥልለት፣ ኮምፒውተሩን የሚያድስለት ሁሉ እንዲሁ። ይህ አሠራር መልካም ነው። ትንሹ ሱቅ የትልቁን ድርጅት ያህል የሠለጠነ እጅ በጥቂት ገንዘብ እንዲያገኝ ያደርገዋል፤ ባለሙያውም የአንድ አሠሪ ጥገኛ ከመሆን ይድናል። ይሁን እንጂ ይኸው መልካም አሠራር ልክ ካልተበጀለት ባለሙያውን ሲያደክመው፣ ነጋዴውንም ሲያከስረው ይታያል። ከሁሉም ይልቅ የሒሳብ ባለሙያው ነገር ለአብነት የሚበቃ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ መቆየት ይጠቅማል።

በግሉ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ምን እንደሚገጥመው በየሱቁ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ፣ ከሠራተኞች ደመወዝ የሚቆረጠው ግብር፣ የጡረታ መዋጮ፣ ዊዝሆልዲንግ የተባለው ተቀናሽ ሂሳብ ሁሉም የየራሱ ቀን አለው። ደንበኞቹ ግን ደረሰኛቸውን ሲያከማቹ ከርመው በመጨረሻው ሳምንት በካርቶን ጠቅጥቀው ያመጡለታል፤ ግማሹ ቀኑ የማይነበብ፣ ግማሹም የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ይሆናል። ሁሉም በአንድ ቀን ይመጣሉ፤ ሁሉም «የእኔን አስቀድምልኝ» ይላሉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልኩ ይጮኻል፤ በቴሌግራም የደረሰኝ ፎቶግራፍ ይላክለታል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ ከጁምዓ ሲወጣ የሚጠብቀው ደንበኛ አይጠፋም። ሰኔ 30 ቀን የበጀቱ ዓመት ሲዘጋማ ይህ ሁሉ በእጥፍ ይሆናል፤ ክረምቱንም ከልጆቹ ጋር ሳይሆን ከመዛግብቱ ጋር ያሳልፈዋል።

ነገሩን በቁጥር መመልከት ከብዙ ቃል ይሻላል። አንድ የሒሳብ ባለሙያ 18 ደንበኞች አሉት እንበል፤ የእያንዳንዳቸውም ሥራ ደረሰኝ መሰብሰቡ፣ መመዝገቡ፣ ማስታወቂያ ማዘጋጀቱና መመላለሱ ተደምሮ በወር 12 ሰዓት ይፈጃል እንበል። 18 በ12 ሲባዛ 216 ሰዓት ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን የሚሠራ ሰው ግን ያለው 208 ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ወሩ ገና ሳይጀምር 8 ሰዓት ተበድሯል። ከደንበኞቹ አንዱ በኦዲት ቢጠራ፣ ሌላው ቅርንጫፍ ቢከፍት፣ ወይም የባለሙያው ልጅ ታሞ ሐኪም ቤት ቢገባ ዕዳውን የሚከፍልበት ሰዓት የለውም። የሚከፍለው ከእንቅልፉ ወስዶ ነው። ከእንቅልፍ የተወሰደ ብድር ደግሞ ወለዱ ከባድ ነው፤ የደከመ ዐይን 6ቱን 9 አድርጎ ያነባል፤ የደከመ ልቡናም የአንዱን ሱቅ ደረሰኝ በሌላው መዝገብ ያገባል።

ታዲያ ይህ ባለሙያ 19ኛው ደንበኛ ሲመጣ ለምን «አይሆንልኝም» አይልም? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ፍርሃት ነው። የግል ሥራ ወር ከወር ስለማይተካከል፣ ዛሬ የተመለሰው ደንበኛ ነገ ላይገኝ ይችላል በማለት የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ሁለተኛውና ጠንካራው ይሉኝታ ነው። ደንበኛው የአክስቱ ባል ወዳጅ ነው፤ ወይም በዕድር አብሮት የተቀመጠ ነው፤ ወይም ሥራ በጀመረበት ጊዜ መጀመሪያ ያመነው ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ጊዜ የለኝም» ማለት ነውር መስሎ ይታየዋል። ይሉኝታ ሰውን ከሰው የሚያኗኑር ደግ ባሕርይ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ባለሙያው ከይሉኝታ የተነሣ እሺ ብሎ ሥራውን ሳይፈጽም ሲቀር፣ ያከበረውን ሰው በእጅጉ ያዋርደዋል። በመጀመሪያው ቀን የተነገረ የትሕትና እንቢታ ቅያሜው ሳምንት አይሞላም፤ ባልተፈጸመ እሺታ የመጣ ቅጣት ግን ዘመድና ወዳጅ ያለያያል።

የዚህ ዐይነቱ ድካም ሌሊት በተኙት እንቅልፍ ብቻ የሚለቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ በኒው ዮርክ ከተማ በነጻ የሕክምና ጣቢያ የሚያገለግሉትን ሰዎች ተመልክተው ስለዚሁ ድካም ጽፈዋል። እንግሊዝኛው «በርን አውት» ይለዋል፤ ዘይቱ አልቆ ክሩ የሚነድ ኩራዝ እንደ መሆን ነው። ሊቁ ከተመለከቱት ነገር የሚያስደንቀው፣ በዚህ ዝለት ቶሎ የሚያዙት ሰነፎቹ ሳይሆኑ ለሥራው ልባቸውን የሰጡት መሆናቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ይህን ዝለት በሥራ ምክንያት የሚመጣ ሁኔታ መሆኑን ገልጾ ሦስት ምልክቶች ሰጥቶታል፤ እነርሱም የጉልበት መሟጠጥ፣ ሥራን መጥላትና ከሥራ በልብ መራቅ፣ እንዲሁም የሥራ ፍሬ መቀነስ ናቸው። ድርጅቱ ይህን በሽታ ብሎ አልሰየመውም፤ በሥራው ቦታ በሚገባ ያልተያዘ የቆየ ጭንቀት ውጤት ነው ብሎታል እንጂ። ስለዚህ መድኃኒቱ ያለው ከፋርማሲ ይልቅ በሥራው አያያዝ ውስጥ ነው።

ከዚሁ ጋር ሌላ ከባድ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት መሠረት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች በሳምንት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲመዛዘኑ፣ ደም ወደ አንጎል እንዳይደርስ በሚያደርገው ስትሮክ የመያዛቸው ሥጋት በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር መጥበብ ሕመም የመሞታቸው ሥጋት ደግሞ በ17 በመቶ ይበልጣል። እንግዲህ ሌሊቱን ሲያነጋ የሚሠራ ሰው ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም እየቸረቸረ ነው ማለት ይቻላል።

ደመወዝተኛውን ከዚህ የሚጠብቀው ሕግ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ከልክሏል። የሳምንት ዕረፍት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት እንዲሆን፣ የዓመት ፈቃድም ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን እንዲሆን አዝዟል። ነገር ግን ይኸው አዋጅ በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራውን ሰው ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። ይህ ትክክል ነው፤ በግሉ የሚሠራ ሰው የራሱ አሠሪ ነውና። ሆኖም ነጻነቱ ከጥበቃው ጋር እንደሚተካካ ልብ ሊል ይገባዋል። ለእርሱ ሰዓት የሚቈጥርለት የሥራ ተቆጣጣሪ የለም። የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ከደንበኛው ጋር የሚጽፈው ውል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። ስለዚህ ባለሙያው በአዋጅ ያጣውን ሰዓትና ዕረፍት በውል ሊያገኘው ይችላል። ነገር ግን ብዙው ሰው ውሉን በቃል ብቻ ጨርሶ፣ ዋጋውን እንጂ ልኩን ሳይነጋገር ወደ ሥራ ይገባል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው በዚህ ነው።

ይህን የሚያነብ ነጋዴ «የባለሙያው ድካም የባለሙያው ጉዳይ ነው፤ እኔ ገንዘቤን ከፍያለሁ» ሊል ይችላል። ይህ አስተሳሰብ ከገንዘብ አንጻር እንኳ ሲታይ ስሕተት ነው። ግብር ከፋዩ ነጋዴው ነው፤ ማስታወቂያው ቢዘገይ ወይም ተሳስቶ ቢቀርብ መቀጮው የሚጻፈው በእርሱ ስም እንጂ በሒሳብ ባለሙያው ስም አይደለም። አስመጪም እንዲሁ ነው። አስተላላፊው በብዙ ሰነድ ተወጥሮ የአንዱን ዲክላራሲዮን ቢያሳድር፣ ኮንቴይነሩ በሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ተቀምጦ ኪራይ ሲቈጥር የሚከፍለው የዕቃው ባለቤት ነው። ላኪውም የመነሻ ሰርተፊኬቱ አንድ ፊደል ተሳስቶ ባንክ ሰነዱን ቢመልስበት፣ ገንዘቡ የሚዘገየው በራሱ ላይ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ስንት ደንበኞች እንዳሉት፣ መቼ እንደሚያርፍ፣ ቢታመም ማን እንደሚተካው መጠየቅ የነጋዴው ጥቅም ነው። መጋዘን የሚከራይ ሰው ጣራው የሚያፈስ መሆኑን ሳይመለከት አይከራይም፤ መዝገቡን የሚያስይዝ ሰውም የያዡን ጤንነት ሳይመለከት ማስያዝ የለበትም።

ሌላው መቃወሚያ «ይህ እንቢ ቢል ሌላ እሺ የሚል ይገኛል» የሚለው ነው። ይገኛል። ነገር ግን ሁሉን እሺ የሚል ሰው ከዚህ በፊት ለሌሎችም ሁሉ እሺ ያለ ሰው መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ልኩን የሚያውቅ ባለሙያ «በዚህ ወር አልችልም፤ በሚመጣው ወር ግን እቀበላለሁ» ሲል፣ የሰጠው ቃል ክብደት እንዳለው ያሳያል። ነጋዴም ለሁሉ ሰው ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ እንደማይቈይ ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ለሁሉም ጊዜውን በዱቤ የሚሰጥ ባለሙያም እንደዚሁ ነው።

እንግዲህ ባለሙያው ሊያበጃቸው የሚገቡ ልኮች የሚከተሉት ናቸው። ከሁሉ አስቀድሞ ሰዓቱን ይቍጠር። እያንዳንዱ ደንበኛ በወር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ሦስት ወር ያህል በደብተር ቢጽፍ፣ ስንት ደንበኛ ሊሸከም እንደሚችል በግምት ሳይሆን በመዝገብ ያውቃል፤ የሌላውን ሀብት የሚመዘግብ ሰው የራሱን ሀብት፣ ይኸውም ጊዜውን፣ ሳይመዘግብ መቅረቱ የሚያስገርም ነው። ካለው ሰዓትም ስድስተኛውን እጅ ላልታሰበ ነገር ሳይሸጠው ያቆይ። ቀጥሎ በውሉ ውስጥ ሥራውን ለይቶ ይጻፍ፤ ወርኃዊ ማስታወቂያ ማዘጋጀት አንድ ሥራ ነው፣ ያለፈ ዓመት መዝገብ ማቃናት ሌላ ሥራ ነው፣ በኦዲት ጊዜ መቆምም ሌላ ሥራ ነው፤ ሦስቱም በአንድ ዋጋ ሊጠቃለሉ አይገባም። ሰነድ የሚረከብበትን የመጨረሻ ቀንም ይወስን፤ ከዚያ ቀን በኋላ ለመጣ ሰነድ የችኮላ ዋጋ እንደሚጨመር አስቀድሞ ያስታውቅ። የችኮላ ዋጋ ሲኖር ችኮላ ራሱ ይቀንሳል።

ከዚህም በቀር ስልክ የሚያነሣበትን ሰዓትና የማያነሣበትን ቀን በግልጥ ይናገር። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድም ይሁን ዓርብ፣ ፈጽሞ የማይነካ ዕረፍት ያድርግ። ከገቢው ሁሉ ሲሶው በላይ ከአንድ ደንበኛ እንዳይመጣ ይጠንቀቅ፤ አንድ ደንበኛ ብቻውን ኪሱን የያዘበት ሰው እንቢ ለማለት አፍ አይኖረውምና። ገቢ በሚበረክትበት ወር ለሚቀጥሉት ወራት ያስቀምጥ፤ ሥራን ሁሉ እንዲቀበል የሚያስገድደው ፍርሃት የሚበረታው ካዝናው ባዶ ሲሆን ነው። በሙያ ከሚመስለው ሰው ጋር ተስማምቶም አንዱ ሲታመም ሌላው እንዲተካ ያድርጉ። በመጨረሻም የምስጢርን ልክ ይጠብቅ፤ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ባለሱቆች ተፎካካሪ ሆነው የሁለቱንም መዝገብ የሚይዝ ሰው፣ የአንዱን የመግዣ ዋጋ ለሌላው በቡና ላይ እንኳ ሊጠቅስ አይገባም። የደከመ ሰው ምላሱም እንደሚደክም ሊታወቅ ይገባል።

ነጋዴውም በበኩሉ ሊያደርገው የሚገባ አለ። ደረሰኙን በየሳምንቱ በቀን ቅደም ተከተል አድርጎ ያስረክብ። ዋጋውን በተባለው ቀን ይክፈል፤ ክፍያ የሚያዘገይ ደንበኛ ባለሙያው ጉድለቱን ለመሙላት ሌላ ደንበኛ እንዲጨምር ያስገድደዋልና፣ በገዛ እጁ የራሱን ሥራ ያስደርባል። ሌሊት የታሰበውን ነገር ጽፎ አቆይቶ ጠዋት ይናገር። በእውነት የሚያስቸኩለውን ከማያስቸኩለው ይለይ፤ ሁሉን አስቸኳይ የሚል ሰው እውነተኛው ችግር ሲመጣበት የሚሰማው አያገኝም።

ይህ ሁሉ ዋጋ ያስወድዳል የሚል ቢኖር፣ ወደ ቀደመው ምሳሌ ይመለስ። ባለ 18 ደንበኛው ባለሙያ ከእያንዳንዱ በወር 4,000 ብር ቢቀበል ገቢው 72,000 ብር ነው። ደንበኞቹን ወደ 14 ዝቅ አድርጎ ከእያንዳንዱ 5,000 ብር ቢቀበል ገቢው 70,000 ብር ይሆናል። የቀነሰበት 2,000 ብር ብቻ ነው። ሰዓቱ ግን ከ216 ወደ 168 ይወርዳል፤ ያተረፈው 48 ሰዓት ሕጉ ለደመወዝተኛ የሚፈቅደው የአንድ ሙሉ ሳምንት ሥራ ነው። ነጋዴው ደግሞ በጨመረው 1,000 ብር ሌሊት ያልተጻፈ መዝገብ፣ በቀኑ የቀረበ ማስታወቂያ፣ ከዓመት ወደ ዓመት የማይለወጥ ባለሙያ ይገዛል። ባለሙያው ታክቶ ሥራውን በድንገት ጥሎ ሲሄድ፣ አዲሱ ሰው የተተወውን መዝገብ ለማንበብ የሚፈጅበትን ወራት ያየ ነጋዴ ይህን ብር በጸጸት አይከፍለውም።

የንግድ ምክር ቤቶችም በዚህ ጉዳይ ሊሠሩት የሚችሉት ቀላልና ጠቃሚ ሥራ አለ። ነጋዴውና በግሉ የሚሠራው ባለሙያ የሚፈርሙበት አንድ አርአያ የሚሆን የውል ጽሑፍ በአማርኛ አዘጋጅተው ለአባሎቻቸው ቢያድሉ፣ የሥራው ዝርዝር፣ የሰነድ መረከቢያው ቀን፣ የስልክ ሰዓቱ፣ የዕረፍቱ ቀን፣ የችኮላው ዋጋና የተተኪው ስም የሚሞላበት ቦታ ቢኖረው፣ ይሉኝታ የያዘው ሰው ሁሉ ሊናገረው ያፈረውን ነገር ወረቀቱ ይናገርለታል። «እኔ ሳልሆን ደንቡ ነው» ማለት ለሰው ልጅ ሁሉ ይቀለዋል። የውሉ አንቀጾች ከአንድ ገጽ ባይበልጡ ይመረጣል፤ ረጅም ውል የሚያነብ ጥቂት ነውና።

የንግድ ሥራ በመተማመን የሚቆም ነው፤ መተማመንም ልክ ባለበት ይጸናል። ሸማ በክንድ፣ እህል በቁና፣ ቡና በኪሎ እንደሚሸጥ ሁሉ የባለሙያውም ጊዜ በሰዓት ተለክቶ ሊሸጥ ይገባል። የሚመጣው ወር ሳይጠባ ባለሙያው ደብተሩን አውጥቶ ሰዓቱን ይቍጠር፤ ነጋዴውም የሒሳብ ባለሙያውን ጠርቶ «ስንት ደንበኛ አለህ? መቼስ ታርፋለህ?» ብሎ ይጠይቀው። መልሱን ሲሰማ መዝገቡ በማን እጅ እንዳለ በዚያው ይረዳል።